ብሪጅት፣ ብሪድ፣ ብሪጅ፣ ቢዲ፦ አንዲት ሴት ስንት ስም አላት?

የጣና ዳር · ሐሙስ ሌሊት

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ስም ነው። የአየርላንድ ስም።

እዚህ አየርላንድ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ከምንከባከባቸው እናቶች አንዷ ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው። ማኅደራቸው ላይ «ብሪጅት» ተብለው ተጽፈዋል። በራቸው ላይ የተለጠፈው «ብሪድ» ይላል። ከማዮ ገጠር የምትደውለው እህታቸው «ብሪጅ» ነው የምትላቸው። ባለፈው እሑድ ደግሞ አንድ የጥንት ጎረቤት ሊጠይቋቸው መጡና ገና ከበሩ «ቢዲ!» ብለው ጠሯቸው። ፊታቸው ቅጭም አለ። እንግዳው እስኪወጡ ድረስ ቃል አልተነፈሱም።

ማታ ሻይ ይዤላቸው ገባሁና «ስምዎ ትርጉሙ ምንድን ነው?» አልኳቸው። እኛ አገር ስም ሁሉ ትርጉም አለው ብዬ የኔንም ነገርኳቸው። ሳቅ አሉና «የኔ ደግሞ ምን ትርጉም አለው ልጄ፤ የገረድ ስም ነው» አሉኝ። ሻዩን ሳይጨርሱ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። በዚሁ ስም እዚህ አገር በፌብሩዋሪ መጀመሪያ የሕዝብ በዓል አለ። ባንክ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል። አምና በበዓሉ ቀን ገብቼ ተጨማሪ ክፍያ ስለበላሁበት በደንብ አውቀዋለሁ። አገር ሥራ የሚዘጋለት ስም እንዴት የገረድ ስም ይሆናል? የምታውቁ አስረዱኝ እስቲ።

ልጅ አራዳ · ሐሙስ ሌሊት

ብሪጅት የፈረንሳይ ስም አይደለም እንዴ? ብሪጂት ባርዶ። የማክሮን ሚስትም ብሪጂት ናት። አይሪሾቹ ከዚያ ወስደው ይሆናላ።

ብርሃነ አዜብ · ዓርብ ጠዋት

ነገሩ ግልጽ ነው ወገኖቼ። ብሪጅት ማለት «ብርሃን» ማለት ነው! ብ እና ር አሉ፣ ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ደግሞ አንድ ቦታ ሳነብ ሴትየዋ የእሳት ሴት ናት ይላል። እሳትና ብርሃን። ድሮ ከኛ የሄደ ቃል ነው፣ መርማሪ አጥቶ ነው እንጂ።

ሥርወ ቃል · ዓርብ ከሰዓት

ብርሃነ አዜብ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፣ ግን አይደለም። «ብርሃን» ግእዝ ነው። «በርሀ» ማለት በራ ማለት ነው፣ ብርሃንም ከዚያ ይወጣል። አይሪሽ ደግሞ የኬልት ቋንቋ ነው፣ ከሴማዊ ቤተሰብ ጋር አይዛመድም። ሁለት ቃል ጎን ለጎን ሲቆም መልኩ ስለተመሳሰለ ዘመድ ነው ማለት አይቻልም።

የዚህ ስም ሥሩ ከፍታ ነው። ጥንታዊው አይሪሽ «ብሪጊት» ይላታል። ከዚያ በፊት የነበረውን መልኳን የቋንቋ ሊቃውንት «ብሪጋንቲ» ብለው ያስቀምጡታል። «ከፍ ያለችው» ማለት ነው። የጀርመኑ «በርግ»፣ ተራራ የሚለው ቃል፣ የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። በሮማውያን ዘመን በሰሜን እንግሊዝ ብሪጋንቴስ የሚባል ነገድ ነበር፤ ብሪጋንቲያ የምትባል አምላክም ነበረቻቸው። ኦስትሪያ ውስጥ ሐይቅ ዳር ያለችው ብሬገንዝ ከተማ በሮማውያን ጊዜ ብሪጋንቲየም ነበር የምትባለው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው። ስሙን ወደኛ እንተርጉመው ብንል ቃል በቃል የሚሆነው «ልዕልት» ነው። «ልዑል» እና «ልዕልት» እኮ ከግእዙ «ለዐለ» ነው የሚመጡት፤ ከፍ አለ። የጣና ዳር፣ እማማ «የገረድ ስም» ያሉሽ ስም ትርጉሙ ልዕልት ነው።

ስለ እሳቱ ብርሃነ አዜብ ያነበብከው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ኮርማክ የሚባል የመንስተር ንጉሥ ነበር፣ ንጉሥም ጳጳስም። በ908 እ.ኤ.አ ጦር ሜዳ ሞተ። በስሙ የሚጠራ ጥንታዊ የቃላት መፍቻ አለ። እዚያ ላይ ብሪጊት ማለት «የእሳት ፍላጻ» ነው ተብሎ ተጽፏል፤ አንዱን ስም ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን ነበልባል፣ ግማሹን ፍላጻ አደረገው። ዛሬ የሕፃናት ስም የሚዘረዝሩ ድረ ገጾች ሁሉ ይህንኑ ይገለብጣሉ። ያማረ ነው፣ ግን ልክ አይደለም። አንተ ዛሬ ጠዋት ያደረግከውን ነው ኮርማክ ከ1100 ዓመት በፊት ያደረገው።

ከዚሁ መጽሐፍ ግን አንድ የማይናቅ ነገር እናገኛለን። ብሪጊት ባለቅኔዎች የሚያመልኳት ነበረች ይላል፣ ዳግዳ የሚባለው አምላክ ልጅ። ሁለት እህቶች ነበሯት፣ እነሱም ብሪጊት ይባላሉ። አንዷ የሐኪሞች፣ አንዷ የአንጥረኞች።

ልጅ አራዳ፣ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። በዚሁ ስም የምትጠራው የአየርላንዷ ቅድስት ብሪጊት ዝና በመነኮሳት እግር ወደ አውሮፓ ተሻገረና ስሙም አብሮ ሄደ። የስዊድኗ ቅድስት ብርጊታ (1303–1373 እ.ኤ.አ) ሌላ ሴት ናት፣ ስሟ ግን ከዚችው ነው። የባርዶም እንደዚያው።

ልጅ አራዳ · ዓርብ ከሰዓት

እሺ በቃ ባርዶ አይሪሽ ሆነች። ዛሬ ደግሞ ምን እሰማለሁ።

ብርሃነ አዜብ · ዓርብ ማታ

ከንጉሥ ጋር ከተሳሳትኩ ግድ የለኝም።

ጋሽ ኮርክ · ዓርብ ማታ

ልጄ የጣና ዳር፣ እኔ አየርላንድ የገባሁት አንቺ ሳትወለጂ ሳይሆን አይቀርም። ስለ አጠራሩ ልንገርሽ።

የእህትየዋ «ብሪጅ» ስሕተት አይደለም። በአይሪሽ የዚህች ስም የመጨረሻዋ ድ ልስልስ ናት። ደቡብ፣ እኛ ጋ፣ «ብሪድ» ትሰሚያለሽ። ምዕራብና ሰሜን ግን ድ ወደ ጅ ትጠጋለች። ማዮ ብትሄጂ ብሪጅ የሚባሉ አሮጊቶች ሞልተውልሻል። ለኛ ሰው ይሄ ሊገርመን አይገባም። ወንዱን «ሂድ» እንላለን፣ ሴቷን «ሂጂ»። ድ በኢ ፊት ስትመጣ ጅ ሆነች። አለቀ።

ሌላም ጉድ አለ። በቋንቋቸው ሰውን ስሙን ጠርተው ሲያናግሩት የመጀመሪያዋ ፊደል ትለወጣለች። ብሪድን ሲጠሯት «አ ቭሪድ» ነው የሚሏት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጎረቤቴ ሚስቱን እንዲህ ሲጠራ ሰማሁና «ቭሪድ ደኅና ናት? ቭሪድ የለችም?» እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ባሏን ስጠይቅ ኖርኩ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ አላረመኝም። ገና ሳየው ግን ከንፈሩን ነከስ ያደርግ ነበር።

ድሮ አጻጻፉ ረጅም ነው። መሐል ላይ የማትነበብ ግ ነበረችበት። በ1940ዎቹና በ50ዎቹ እ.ኤ.አ የፊደል ማሻሻያ ሲያደርጉ ቆርጠው ጣሏት። እኛ በሀ፣ በሐ እና በኀ ገና እንጨቃጨቃለን።

ያሬዳዊ · ቅዳሜ ጠዋት

ስለ ቅድስቲቱ ማንም ምንም አላለም እኮ። እኔ የማውቀውን ልበል።

ትውፊቱ በ451 እ.ኤ.አ አካባቢ ከዳንዶክ ከተማ አጠገብ ፎሃርት በሚባል ቦታ ተወለደች ይላል። (451 የኬልቄዶን ጉባኤ ዓመት ነው። እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው፣ ክርክር አልከፍትም።) ያረፈችው በ525 አካባቢ። የታሪክ ሰዎች ውስጥ «ሴትየዋ ኖራም አታውቅ፣ የአምላኪቱ ታሪክ ነው ክርስትና የተነሣው» የሚሉ አሉ። እንዳመናችሁ። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ኮጊቶሰስ የሚባል መነኩሴ ገድሏን በላቲን ጽፎታል።

ገድል እያነበበ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የረጠበ ልብሷን በፀሐይ ጨረር ላይ ትሰቅለዋለች፣ ጨረሩም ይሸከምላታል። ውኃን ጠላ ታደርጋለች። ቢራ ነው የሚሉት፣ በዚያን ዘመን ግን ለጠላ የቀረበ ነገር መሆን አለበት። ለገዳሟ መሬት ስትለምን የሌንስተር ንጉሥ እምቢ ይላታል። «ካባዬ የሚሸፍነውን ያህል ብቻ ስጠኝ» ትለዋለች። ይስቅና እሺ ይላል። ካባው ሲዘረጋ፣ ሲዘረጋ፣ ሜዳውን ሁሉ ያዘው። ገዳሟ ኪልዴር ነው፤ «ኪል ዳራ»፣ የኦክ ዛፍ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ወንዶችም ሴቶችም የሚመነኩሱበት ገዳም ነበር፣ የበላይዋ እሷ።

ብርሃነ አዜብ፣ እሳቱ እዚህ ጋ አለልህ። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዌልሱ ጄራልድ ኪልዴር ላይ የማይጠፋ እሳት እንዳለ ጽፏል። 19 መነኮሳት በየተራ አንዳንድ ሌሊት ይጠብቁታል። በ20ኛው ሌሊት ግን ማንም አያድርም። «ብሪጊት፣ እሳትሽን ጠብቂ፣ ተራሽ ነው» ብለው እንጨቱን አስቀምጠው ይሄዳሉ። ጠዋት እሳቱ አልጠፋም። በዙሪያው አጥር ነበረው፣ ወንድ አይሻገረውም። ገዳሙ ተፈትቶ እሳቱ ከጠፋ ከዘመናት በኋላ በ1993 እዚያው ኪልዴር ሴት መነኮሳት መልሰው ለኩሰውታል።

አሁን ወደ እማማ ነገር ልምጣ። የቅድስቲቱ አባት ባላባት ነው። እናቷ ግን ብሮካ የምትባል ባሪያ ነበረች። የባላባቱ ሚስት ቀናችና እናትየው ሆዷ ውስጥ ልጅ እያለ ተሸጠች። ልጅቷ ያደገችው ላም እያለበች፣ ቅቤ እየናጠች ነው። ስለዚህ እማማ «የገረድ ስም» ሲሉ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም። የስሙ ባለቤት ራሷ የገረድ ልጅ ናት።

ስለ ስም ከተነሣ አንድ ልጨምር። የጥንት አይሪሾች ስሙን በቀጥታ ለልጅ መስጠት ይፈሩት ነበር፣ ስለሚያከብሩት። እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ብሪጊት ተብላ የምትጠራ ልጅ እንደ ልብ አትገኝም። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? «ጊላ ብሪጄ» ይላሉ፣ የብሪጊት አገልጋይ። ወይም «ሚል ብሪጄ»፣ ራሱን ለብሪጊት የተላጨ፣ የመነኩሴ መላጨት ማለት ነው። ይሄ ገብረ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል ማለት አይደለም? ዛሬ ማክብራይድ፣ ኪልብራይድ የሚባል የአባት ስም ስትሰሙ የዚያ ርዝራዥ ነው። «ገብረ ብሪጊት» ብላችሁ አንብቡት።

በዓሏ ፌብሩዋሪ 1 ነው። በኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥር 24 ላይ ይውላል፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሰባረ አጽማቸው። እንዲሁ የገጠመ ነው፣ በስንክሳራችን እሷ የለችም።

ጥያቄ ብቻ · ቅዳሜ ከሰዓት

እንግሊዝኛው «ብራይድ»፣ ሙሽራ የሚለው፣ ከዚህ ነው የመጣው? ለንደን ውስጥ ቅድስት ብራይድ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አይቻለሁ። የሙሽራ ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ ነበር። ጣሪያውም የሠርግ ኬክ ይመስላል።

ሥርወ ቃል · ቅዳሜ ከሰዓት

አይ፣ ሙሽራው ሌላ ነው፣ ከጀርመን ወገን የመጣ የእንግሊዝኛ ቃል። ያየኸው ፍሊት ስትሪት ላይ ያለውን ነው፣ የጋዜጠኞች ቤተ ክርስቲያን የሚሉትን። «ብራይድ» እዚያ ብሪጊት ናት። አጠገቡ በስሟ የሚጠራ ምንጭ ነበረ፣ «ብራይድዌል»። ከምንጩ ሰፈሩ ተሰየመ፣ ከሰፈሩ የሄንሪ 8ኛ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መንግሥቱ በኋላ እስር ቤት ሆነ። ከዚያ እንግሊዞች እስር ቤትን ሁሉ ብራይድዌል ይሉት ጀመር። ቅድስት፣ ምንጭ፣ ቤተ መንግሥት፣ ወኅኒ። ስም መንገድ ሲስት እንዲህ ነው።

ቦስተን ሰፈር · ቅዳሜ ማታ

እኔ የ«ቢዲ»ን ነገር ላስረዳ፣ እዚህ ቦስተን ስለሆነ የተበላሸው።

ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ አየርላንድ ውስጥ ድንቹ በበሽታ አለቀ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አገር ለቀቀ። ስደቱ ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት አልቆመም። ከሌላው የአውሮፓ ስደት የሚለየው አንድ ነገር አለ። ከሚሄዱት ግማሽ ያህሉ ሴቶች ነበሩ፣ አብዛኞቹ ያላገቡ ልጃገረዶች። ብቻቸውን ነው መርከብ የሚሳፈሩት። ቦስተንና ኒው ዮርክ ሲደርሱ ሥራው አንድ ነው፣ የሰው ቤት። ምግብና መኝታ በነፃ ስለሆነ ደሞዝ ይጠራቀማል። ከዚያ ለእናት ይላካል። ቀጥሎ ለታናሽ እህት የመርከብ ትኬት ይቆረጣል። እሷም ትመጣና ለሌላዋ ትቆርጣለች። ይሄ ታሪክ ለማን ነው የሚነገረው ብላችሁ ነው?

በዚያን ጊዜ ስሙ መፈራቱ ቀርቷል። አየርላንድ ውስጥ ከሜሪ ጋር በየቤቱ አንዲት ብሪጅት አለች። ስለዚህ የአሜሪካ እመቤቶች በር ላይ የምትቆመው ልጅ ብዙ ጊዜ ብሪጅት ሆነች። ቀስ በቀስ ሁሉንም በዚያ ስም ጠሯቸው። ካትሪንም ብትሆን ብሪጅት ናት። ሲያሳንሱት ደግሞ «ቢዲ»። የቀልድ መጽሔቶች ቢዲን ክንደ ወፍራም፣ ሳህን ሰባሪ፣ ወጥ አሳራሪ አድርገው ይሥሏት ነበር። ስሙ የሥራው ስም ሆኖ አረፈው።

ልጃገረዶቹ ምን አደረጉ? ስማቸውን ቀየሩ። ዴሊያ፣ በርታ፣ ቤሲ ተባሉ። «ዴሊያ» ከብሪጅት ጋር ምን አገናኛት ብላችሁ አትድከሙ፤ «ቤዴሊያ» ብለው አሳምረው አስረዘሙና ፊቱን ቆርጠው ጣሉት። ቆይቶ ነገሩ አየርላንድም ተመለሰ። እናቶች ለልጆቻቸው ስሙን ማውጣት ተዉ።

አንዲት ብሪጅት ግን ልጥቀስ። ብሪጅት መርፊ ትባላለች፣ ከዌክስፎርድ። ቦስተን መጥታ ፓትሪክ ኬኔዲን አገባች። በ1858 እ.ኤ.አ ባሏ ሞተባት። ትንሹ ልጇ ዓመት አልሞላውም። ሰው ቤት ሠራች፣ ከዚያ ጠራቅማ ምሥራቅ ቦስተን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ያ ጨቅላ አድጎ ፖለቲከኛ ሆነ። የእሱ የልጅ ልጅ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ነው።

ከቤይሩት መልስ · ቅዳሜ ሌሊት

ብዙም አልጽፍም። ቤይሩት 6 ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። በገባሁበት ቀን ማዳሜ ስሜን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሁለቴ ሞከረችና «ሊና» አለችኝ። ከኔ በፊት የነበረችውም ሊና ነበረች። ልብሷ መሳቢያው ውስጥ ቀርቷል፣ ሊና ተብሎ የተጻፈበት ኩባያም አለ። በዚያ ኩባያ ጠጣሁ።

አሁንም ገበያ መሐል «ሊና!» የሚል ድምፅ ብሰማ ዞር እላለሁ። የጣና ዳር፣ እማማ ቢዲ ሲባሉ ለምን ዝም እንዳሉ እኔ ገብቶኛል።

ልጅ አራዳ · እሑድ ጠዋት

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ ስቀልድ ነበር የከረምኩት።

ግን አንድ ነገር፤ ሁላችንም እዚህ «ገረድ፣ ገረድ» እያልን እየጻፍን ነው። «የቤት ሠራተኛ» ብንል ምን ይለናል?

ቦስተን ሰፈር · እሑድ ጠዋት

ልክ ነህ። ግን እማማ የተናገሩት ቃል ስድብ ነው። በጨዋ ቃል ከተረጎምነው የተሰማቸው ነገር ይጠፋል። እኔ ይቆይ እላለሁ።

አወያይ · እሑድ ጠዋት

በቤይሩት ለሠሩ እህቶች ክብር የሌለው አንድ መልስ ተሰርዟል። ውይይቱ ይቀጥል።

ጋሽ ኮርክ · እሑድ ከሰዓት

ልጄ ከቤይሩት መልስ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ጻፍሽልን።

የበዓሉን ነገር እኔ ልጨርስ። የሕዝብ በዓል የሆነው በ2023 እ.ኤ.አ ነው፣ ገና ትናንት ማለት ይቻላል። ፌብሩዋሪ 1 ዓርብ ከዋለ በዚያው ቀን፣ ካልሆነ በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ። ሕዝቡ ግን መንግሥትን ሳይጠብቅ ሲያከብረው ኖሯል። ከክርስትና በፊትም ቀኑ ኢምቦልክ ይባል ነበር፣ የጸደይ መባቻ፣ በጎች ወተት የሚያግቱበት። ኬሪ ውስጥ ቢዲ ቦይስ የሚባሉ አሉ፤ ከገለባ የተሠራ ቆብ ደፍተው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ሙዚቃ እየመቱ ከቤት ቤት ይዞራሉ። የኛን ሆያ ሆዬ ያየ ይገባዋል። እዚያ «ቢዲ» ስድብ አይደለም፣ የቁልምጫ ስሟ ነው። ቦታው ነው ለውጡ።

ዋናው ግን መስቀሉ ነው። በዋዜማው፣ ጃንዋሪ 31 ማታ፣ ከቄጠማ መስቀል ይጎነጉናሉ። እዚህ ረግረግ ቦታ የሚበቅል ክብ ቄጠማ አለ፣ እሱ ነው። በማጭድ አይታጨድም፣ ይነቀላል። በር ላይ ይሰቀላል፣ ከእሳት ይጠብቃል ይላሉ። ቅርጹን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ምክንያቱም ብሔራዊው ቴሌቪዥን በ1961 ሲከፈት ምልክቱ ያ መስቀል ነበር። የጣና ዳር፣ እሳቸው ማዮ ካደጉ እጃቸው አይረሳውም። ዋዜማው እየመጣ ነው፣ ከመንገድ ዳር ነቅለሽ ውሰጂላቸው።

ጨርቅም አለ። በዚያች ሌሊት አንድ ጨርቅ ወይም ሻርፕ ደጅ ያሳድራሉ። ብሪድ ስታልፍ ትነካዋለች ይላሉ። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ለራስ ምታት ነው።

የጣና ዳር · ከአራት ቀን በኋላ፣ ጠዋት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሥራ አሁን ወጥቼ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጋሼ እንዳሉኝ አደረግኩ። ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ ቦይ አለ፣ ቄጠማው እዚያ ሞልቷል። ጫማዬን አበላሽቼ አንድ እቅፍ ነቀልኩ። ለእማማ ጭናቸው ላይ ፎጣ አንጥፌ አስቀመጥኩላቸው። መጀመሪያ አሸተቱት። ከዚያ አንዱን አቆሙ፣ ሌላውን ከመሐል አጥፈው አቀፉበት፣ ሩብ ዙር አዞሩት። ሌላ አጠፉ። አዞሩ። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ጎብጠዋል፣ ቁልፍ እንኳን የምቆልፍላቸው እኔ ነኝ። ይሄን ግን ሳያዩት ነው የሚሠሩት፤ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር። አራቱን ጫፍ የማሰር ሥራ ብቻ ለኔ ሰጡኝ። «ጠበቅ አድርጊው፣ ሲደርቅ ይላላል» አሉኝ።

እያሰርኩ ሥርወ ቃል የጻፈውን ነገርኳቸው። ከፍ ያለችው። ልዕልት። «ማነው ያለው?» አሉ። «አንድ የአገሬ ሰው» አልኳቸው። ብዙ ቆዩና የእናታቸውን እህት አነሡ። ቦስተን ሄዳ ደብዳቤ ስትጽፍ ከግርጌው «ዴሊያ» ብላ ትፈርም ነበር። አያታቸው ደብዳቤው በተነበበ ቁጥር «ዴሊያ ማን ናት?» ይሉ ነበር፣ እያወቁ። እሳቸው ራሳቸው በ17 ዓመታቸው ለንደን ሆቴል ውስጥ አልጋ ያነጥፉ ነበር። ከአየርላንድ የመጡት ሰባት ነበሩ። ኃላፊዋ በኮሪደሩ «ቢዲ!» ስትል ሰባቱም ብቅ ይሉ ነበር።

ያ ጎረቤት ለንደን አልነበሩም። ማዮ ውስጥ በልጅነት ቢዲ ሲባሉ በፍቅር ነው፤ እሳቸው በዚያው ነው የጠሯቸው። እሑድ እንደገና ይመጣሉ። ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላወቅኩም።

ሌሊቱን ሻርፓቸውን መስኮቱ ውጭ አንጠልጥዪልኝ አሉ። አንጠለጠልኩ። አብራኝ የምታድረው ባልደረባዬ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ልታስገባው ነበር፣ ከለከልኳት። ጠዋት ሳወጣው በውርጭ ደርቆ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሏል። «ስጪኝ፣ ራሴን ያመኛል» አሉና እንደዚያው ግንባራቸው ላይ ጣል አደረጉት።

ልጅ አራዳ · በዚያው ጠዋት

እና? ራስ ምታቱ ለቀቃቸው?

የጣና ዳር · በዚያው ጠዋት

ለቀቃቸው። ፓራሲታሞልም ሰጥቻቸው ነበር።